አሮጌ ማሽን፣ አዲስ ቀፎ፦ ከልጅ ልጄ ጋር የሠራናት የእጅ ሰዓት

በብዙዎቻችን ቤት አንድ የቆመ የእጅ ሰዓት አይጠፋም። የአባት ይሆናል፣ የባል ይሆናል፣ አለዚያም በመጀመሪያ ደመወዝ የተገዛ ይሆናል። መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ማሰሪያው ተበጥሷል፣ ቀፎው ተበልቷል። እንዳይጣል አንጀት አይችልም፣ እንዳይደረግም አይሆንም። ስለዚህ ከአሮጌ መታወቂያና የየትኛው በር እንደሆነ ከማይታወቅ ቁልፍ ጋር መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።

ጡረታ ከወጣች ነርስ የሚጠበቀው ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር መጻፍ ነው። ዛሬ ግን የምጽፈው ስለዚያ ስለቆመው ሰዓት ነው። የምለውም ነገር ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ ያለቀለት ቀፎው እንጂ ማሽኑ አይደለም። ማሽኑን አውጥቶ፣ በባለሙያ አስጠርጎ፣ አዲስ ቀፎና አዲስ ፊት አበጅቶለት እንደገና እጅ ላይ ማዋል ይቻላል። እኔ ሰዓት ሠሪ አይደለሁም። ቢሆንም ከልጅ ልጄ ጋር በዘጠኝ እሁድ አንዲት ሰዓት ሠርተናል። እንዴት እንደሠራናት፣ ለምን እንደሠራናትና ልጆች ባሉበት ቤት ምን መጠንቀቅ እንደሚገባ ልንገራችሁ።

ራኬታዋ

በ1974 ዓ.ም. የነርስነት ዲፕሎማዬን ስይዝ፣ ሌኒንግራድ ተምሮ የተመለሰው ታላቅ ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንዲት ራኬታ ሰዓት እጄ ላይ አሰረልኝ። ራኬታ በሌኒንግራድ አጠገብ በፔትሮድቮሬትስ ፋብሪካ የምትሠራ ሰዓት ናት። ስሟ «ሮኬት» ማለት ሲሆን፣ የወጣላትም ዩሪ ጋጋሪን ወደ ጠፈር በወጣበት በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። ወንድሜ ሲያስርልኝ «ነርስ ያለ ሰከንድ ቆጣሪ ምን ትሠራለች?» ነበር ያለኝ።

እውነቱን ነው። በዚያች ሰዓት ስንት ሰው ትርታ እንደቆጠርኩ እኔም አላውቀው። ነገር ግን የዋርድ ሥራ ለሰዓት አይመችም። ላቡ፣ ውኃው፣ ከሁሉም በላይ በረኪናው ክሮም የተለበጠውን ቀፎ ላጠው፤ ከሥር ያለው ብረትም ጎድጎድ እያለ ተበላ። በመጨረሻ የኋላ ክዳኑ አልገጥም አለ። እንዲህ ሆና ራኬታዋ ከእኔ ቀድማ ጡረታ ወጣች። አልፎ አልፎ አውጥቼ ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ነቅነቅ ሳደርጋት ግን ጥቂት ትመታና ትቆማለች። ነርስ ደግሞ የሚመታ ነገር በእጇ ይዛ «ሞቷል» ማለት አይሆንላትም።

«እኔ ለዚህ ሥራ አልሆንም»

የልጅ ልጄ የሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ናት። እናቷ ዱባይ ሰው ቤት ስለምትሠራ፣ ልጅቷ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያደገችው እኔ ጋ ነው። ለተግባር ልምምድ ወደ ሆስፒታል ሲመደቡ ባለ ሰከንድ ቆጣሪ ሰዓት እንዲይዙ ታዘዙ። ስልክ በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ማውጣት ክልክል ነው። እናቷ ይህን ስትሰማ «ግዴለም እማ፣ እኔ ስማርት ሰዓት እልክላታለሁ» አለችኝ።

ልምምዱ በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷ ቤት ገባችና ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ጠዋት ትርታቸውን የቆጠረችላቸው አዛውንት ከሰዓት በኋላ ዐርፈዋል።

«እማዬ፣ እኔ ለዚህ ሥራ አልሆንም» አለችኝ።

መልስ አልሰጠኋትም። በእንዲህ ያለ ቀን ምክር ጆሮ ላይ እንጂ ልብ ላይ አያርፍም። እራቷን አቀረብኩላት፣ ተኛች። በሚቀጥለው እሁድ ቡናው ካለቀ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፍኩና ራኬታዋን መሐሉ ላይ አስቀመጥኩ። «ነይ እስቲ፣ ዓይንሽን አውሺኝ» አልኳት። ዓይኔ እውነትም ደክሟል፤ ሰበብ አልነበረም።

ከመጀመራችን በፊት ስለ ትርታና ስለ ሰዓት አንድ ታሪክ ነገርኳት። ጆን ፍሎየር የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩ ሐኪሞች ትርታን በአብዛኛው «ፈጣን ነው፣ ዘገምተኛ ነው፣ ደካማ ነው» እያሉ በጣታቸው ስሜት ብቻ ይገልጹት ነበር። ፍሎየር ሰከንድ ቆጣሪ ያላት፣ ለአንድ ደቂቃ ሄዳ የምትቆም ሰዓት አሠራ፤ በ1707 እ.ኤ.አ.ም ስለ ትርታ ሰዓት መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ በየበሽተኛው ካርድ ላይ የምንጽፈው ቁጥር መነሻው እንደዚህ ያለ ልፋት ነው።

ውስጧ ምን አለ?

የኋላ ክዳኗን ስንከፍት ማሽኑ ላይ 2609 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። በሶቪየት ሰዓቶች ዘንድ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የማሽኑን ስፋት በሚሊሜትር ይናገራሉ። ስለዚህ የእኛዋ 26 ሚሊሜትር ናት ማለት ነው። ቀፎ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

የምንሞላው ነገር በክብ ቤት ውስጥ የተጠቀለለ ሞላ ነው፤ የሰዓቷ ጉልበት እሱ ነው። ጥርስ ያላቸው ጎማዎች ጉልበቱን እየተቀባበሉ ያሳልፉታል። መጨረሻ ላይ የመርከብ መልህቅ የምትመስል ትንሽ ብረት አለች። ጉልበቱ በአንድ ጊዜ እንዳይለቀቅ በጥቂት በጥቂቱ እየያዘች የምትለቀው እሷ ናት። የምንሰማው «ቲክ ቲክ» የእሷ ድምፅ ነው። ከእሷ ቀጥሎ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ ቀለበት አለች። ቀለበቷን የምትመልሳት ከፀጉር የማትወፍር ሞላ ናት። ዘንጎቹ በቶሎ እንዳይበሉ ደግሞ በ17 ሰው ሠራሽ የሩቢ ድንጋዮች ላይ ያርፋሉ። ሰዓት ላይ «17 ጄውል» ሲባል ይህ ነው።

ራኬታዋ በሰዓት 18,000 ጊዜ ትመታለች፤ በሰከንድ 5 ጊዜ ማለት ነው። በቀን ሲሰላ 432,000 ይሆናል። በደቂቃ 72 ጊዜ የሚመታ የሰው ልብ በቀን የሚመታው 103,680 ጊዜ ነው። የልጅ ልጄ ይህን በስልኳ አስልታ ስትጨርስ ዝም ብላ ማሽኑን አየችው። ከዚያ በኋላ በወረንጦ ስትይዘው እጇ ረጋ አለ።

ለባለሙያ የሚተው

ጤና ጣቢያ የሠራ ሰው አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ የራስህን ሥራ ሥራ፣ ከአቅም በላይ የሆነውን ሪፈር በል። በሰዓትም እንዲሁ ነው። ቀፎውን፣ ፊቱን፣ ማሰሪያውን እኛ እንሠራለን። ማሽኑን መፍታት፣ ማጠብና ዘይት መቀባት ግን የሰዓት ሠሪ ነው። ያቺ ቀጭን ሞላ አንዴ ከተጣመመች የልብ በሽታ ያዛት ማለት ነው።

መርካቶ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰዓት ሲሠሩ የኖሩ ሰው ጋ ወሰድናት። ማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋት።

«ሲስተር፣ ይቺ ዘይቷ ደርቆ ነው እንጂ ምንም አልሆነችም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቀፎዋን እኛ ልንሠራላት ነው» ስላቸው ሳቁ። ልጅቷን አዩና «እንግዲያው ዘንጓን እንዳትጥዪ። ዘንግ ከጠፋ ማሽን አለኝ አትበዪ» አሏት።

ዘንግ የሚሉት መሙያዋን ከማሽኑ ጋር የምታገናኘውን ቀጭን ብረት ነው። ማሽን ከመሳቢያ ወይም ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ለምትፈልጉ ይህ ምክር ወርቅ ነው። መሙያው ሲዞር ሞላው መያዙን፣ ሲሳብ ቆጣሪዎቹን ማዞሩን እዩ። ቀለበቷ በነፃ መወዛወዟን ተመልከቱ። ዝገት ያለበትን ተዉት። ማሽኑ ከነፊቱና ከነቆጣሪዎቹ ከተገኘ ደግሞ ሥራው ግማሽ አለቀ ማለት ነው።

ምናለሽ ተራና ሁለት ማስጠንቀቂያዎች

ለቀፎው ነሐስ፣ ለመለማመጃም የሞቱ ሰዓቶች ፍለጋ ምናለሽ ተራ ወረድን። ምናለሽ ተራ የሰው ልጅ የጣለው ሁሉ ሌላ ስም አግኝቶ የሚሸጥበት ቦታ ነው። አንድ ወፍራም የድሮ የቧንቧ ነሐስና በላስቲክ የታሰሩ ደርዘን ያህል የሞቱ ሰዓቶች ገዝተን ተመለስን። ሰዓቶቹን ስንለያይ ግን እንደ ጤና ባለሙያ ሁለት ነገር ማሳሰብ ግዴታዬ ነው።

አንደኛው ባትሪ ነው። የባትሪ ሰዓት ስትከፍቱ የምትወጣዋ ክብ ባትሪ ለሕፃን ከረሜላ ትመስላለች። ከተዋጠችና ጉሮሮ ውስጥ ከተቀረቀረች በምራቅ አማካይነት ኤሌክትሪክ እየፈጠረች ሥጋውን ታቃጥላለች። ከባድ ጉዳት በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሊደርስ ይችላል። 20 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው የሊቲየም ባትሪዎች ደግሞ ከሁሉም የከፉ ናቸው። ልጅ ባትሪ ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አታስመልሱት፤ «በሰገራ ይወጣል» ብላችሁም አትጠብቁ። ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። እኛ የወጡትን ባትሪዎች አንድ በአንድ ፕላስተር ለጥፈንባቸው ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥናቸው።

ሁለተኛው በጨለማ የሚያበራው ቀለም ነው። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በፊት በተሠሩ ብዙ ሰዓቶች ላይ ቁጥሮቹና ቆጣሪዎቹ ራዲየም በተቀላቀለበት ቀለም ይቀቡ ነበር። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ይህን ቀለም ይቀቡ የነበሩ ወጣት ሴቶች ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ ይሠሩ ነበር። ራዲየሙ አጥንታቸው ውስጥ ገባ። መንጋጋቸው በሰበሰ፣ ደማቸው አነሰ፣ ብዙዎቹም ሞቱ። በኒው ጀርሲ ግሬስ ፍራየርና አራት ባልደረቦቿ ከሰው ጉዳዩ በ1928 እ.ኤ.አ. በስምምነት አለቀ። ታሪኩ ሩቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ራዲየም በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ቀለሙ ማብራቱን ቢያቆምም መርዙ አለ። ስለዚህ አሮጌ ሰዓት ላይ ቡናማ ወይም ቢጫ የሆነ፣ የሚፈረፈር ቀለም ካያችሁ አትፋቁት፣ አትንፉት፣ ክዳኑንም አትክፈቱ። ከገዛናቸው መካከል አንዱ እንዲህ ያለ ነበር፤ ሳንከፍት ለይተን ለብቻው አሸግነው።

ቀፎው

የቀፎ ሥራ በልክ ይጀምራል። ልጅቷ ማሽኑን በካሊፐር እየለካች ጻፈች፤ እኔ በካሬ ወረቀት ላይ ሣልኩ። ከዚያ ነሐሱንና ሥዕሉን ይዘን ቶርኖ ቤት ሄድን። ባለ ቶርኖው ውጪው 37 ሚሊሜትር የሆነ ቀለበት አወጣልን። ውስጡ ለማሽኑ 26 ሚሊሜትር ከፀጉር ያህል ትርፍ ጋር ሆኖ፣ ከላይ በኩል ፊቱ የሚቀመጥበት 30 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ደረጃ አለው።

ከሁሉም የሚያስቸግረው የዘንጉ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ከማሽኑ ዘንግ ጋር ልክ ትይዩ ካልሆነ መሙያው ይይዛል፣ ሲቆይም ዘንጉን ይሰብራል። ስለዚህ ቀዳዳውን ከመብሳታችን በፊት ከፍታውን ሦስት ጊዜ ለካን። ዘንጉን ማሳጠርም ትዕግሥት ይጠይቃል። ጥቂት ቆርጦ፣ በሞረድ ጫፉን አስተካክሎ፣ አስገብቶ ማየት ነው፤ ከዚያም እንደገና ጥቂት መቁረጥ። የረዘመ ዘንግ ይቆረጣል፣ ያጠረ ግን አይቀጠልም።

ማሰሪያው የሚገባበት ጆሮ አንድ ጥያቄ ሆኖብን ነበር። መልሱን ያገኘነው ከታሪክ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ትናንሽ የኪስ ሰዓቶች ግራና ቀኝ የሽቦ ቀለበት እየተበየደባቸው ወደ እጅ ሰዓት ይለወጡ ነበር። እኛም እንዲሁ አደረግን። ማሽኑ ከመግባቱ በፊት አንጥረኛ ዘንድ ወስደን ሁለት የሽቦ ጆሮ በብር አስበየድን።

ነሐስ ላብ ሲነካው አረንጓዴ ያወጣል። ኒኬል የተለበጠ ክዳን ደግሞ ቆዳቸው የማይስማማቸውን ሰዎች ያሳክካል፣ ያቆስላልም። ስለዚህ የኋላ ክዳኑን ከማይዝግ ብረት፣ ከአንድ አሮጌ ዝርግ ትሪ ላይ ቆርጠን በአራት ጥቃቅን ብሎን አሰርነው። ማሰሪያው በክዳኑ ሥር የሚያልፍ አንድ ወጥ ናይለን ነው። ቆዳ ማሰሪያ ያምራል፤ ለነርስ ግን አይሆንም፤ ደምና ፈሳሽ ይመጠዋል። ናይለኑ በሳሙና ይታጠባል፣ በማግሥቱ ደርቆ ይታሰራል።

ፊቷ

በገዛ እጅ የተሠራ ሰዓት ትልቁ ደስታ ፊቱን እንደፈለጉ ማድረግ ነው። የእኛ አገር ሰዓት ከንጋት ይጀምራል፤ ጸሐይ ስትወጣ 12 ነው። የፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት የሚያነብ ሰው ቆጣሪው ከሚያመለክተው ቁጥር ትይዩ ያለውን ይወስዳል፤ 7 ላይ ካረፈ 1 ሰዓት ነው ይላል። እኛ ግን ከ፩ እስከ ፲፪ በግእዝ ቁጥር ጻፍንና በአገራችን ሰዓት ሞላናት። የልጅ ልጄ በኮምፒውተር ሣለችው፤ በየሰዓቱ መካከል 30 ዲግሪ፣ በየደቂቃው መካከል 6 ዲግሪ። ፎቶ ኮፒ ቤት በወፍራም ወረቀት አሳትመን፣ ስስ ነሐስ ላይ ለጥፈን፣ ቫርኒሽ ቀባነው።

ዳር ዳሩን ደግሞ የትርታ መቁጠሪያ አደረግንለት። ይህ ለሐኪሞች በተሠሩ የድሮ ሰዓቶች ላይ የነበረ ዘዴ ነው። ሰከንድ ቆጣሪው ፲፪ ላይ ሲደርስ ትጀምሪያለሽ፤ የመጀመሪያዋን ትርታ «ዜሮ» ብለሽ 30 ትርታ ትቆጥሪያለሽ። 30ኛዋ ላይ ቆጣሪው ያረፈበትን ታነቢያለሽ። ስሌቱ 1,800ን ለሰከንዱ ማካፈል ነው። በ15 ሰከንድ ካለቀ በደቂቃ 120፣ በ18 ከሆነ 100፣ በ20 ከሆነ 90፣ በ25 ከሆነ 72፣ በ30 ከሆነ 60፣ በ36 ከሆነ 50 ይሆናል። ያረፈ ጎልማሳ ሰው ከ60 እስከ 100 ቢሆን ደህና ነው። ትርታው ወጥ ካልሆነ፣ ማለትም የሚዘልና የሚያመነታ ከሆነ ግን፣ ዘዴውን ትቶ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ይገባል።

እዚህ ላይ ተከራከርን። እኔ መቁጠሪያውም በግእዝ ይሁን አልኩ።

«እማዬ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፷ን ከ፹ ለመለየት ልፍጠጥ እንዴ?» አለችኝ። «የበሽተኛው ነገር ላይ ጌጥ አይሁን።»

የሰዓቱ ቁጥር በግእዝ፣ የትርታው ግን በተለመደው አኃዝ ሆነ። ለዚህ ሥራ አልሆንም ያለች ልጅ ስለ ሌሊት ተራ አስባ መናገሯን ልብ አልኩ፤ ምንም አላልኩም።

መግጠም

ጋሼ ማሽኑን ጠርገውና ዘይት ቀብተው በመለሱልን እሁድ መስኮቱን ዘጋን፣ ማራገቢያውን አጠፋን። የሰዓት ጠላት አቧራ ነው። አቧራውን በአፍ መንፋት አይገባም፤ ምራቅ ዝገት ያመጣል። እኛ የሕፃን አፍንጫ መምጠጫ ጎማ አዲስ ገዝተን በእሱ ነፋንበት። ጣት ማሽኑን እንዳይነካ በወረንጦ መያዝ ነው። ፊቱ ይገባል፣ ከዚያ ሦስቱ ቆጣሪዎች በተራ ፲፪ ላይ ይገጠማሉ፣ እርስ በርስ እንዳይነካኩም ከጎን ይታያሉ። መስታወቱ የፕላስቲክ ነው። በጥርስ ሳሙና ሲታሽ ጭረቱ ይጠፋል።

ዘንጉን በሞረድ በምታስተካክልበት እሁድ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«እማዬ፣ አንቺ መጀመሪያ የሞተብሽን በሽተኛ ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ። ኩፍኝ የያዘው ሕፃን ነበር» አልኳት። «እጁን ይዤ፣ በዚህችው ሰዓት እየቆጠርኩ ሳለ ነው የቆመው። ሰዓቷ ግን ቀጠለች፤ ለጥቂት ጊዜ እኔም አብሬያት መቁጠሬን አላቆምኩም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እናቱን አቀፍኳት። ቀጥሎ የሚቀጥለው አልጋ ሄድኩ።»

ሞረዱን ማንቀሳቀሷን አላቆመችም። ትንሽ ቆይታ «ሰኞ የማታ ተረኛ ነኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር አላነሣንም፤ ትምህርቷንም አልተወችም።

ትክክል ትሄዳለች ወይ?

ሰዓቷ በቀን 40 ሰከንድ ገደማ ትዘገያለች። ልጅቷ መጀመሪያ ተከፋች፤ «ታዲያ ትርታ እንዴት ይቆጠርባታል?» አለች። አሰላነው። በቀን 40 ሰከንድ የምትዘገይ ሰዓት በአንድ ደቂቃ ውስጥ የምትሳሳተው የሰከንድ 3 መቶኛ ያህል ነው። ከአንድ ትርታ ሩብ እንኳ አይሞላም። በቀን አምስት ደቂቃ ብትዘገይ እንኳ በደቂቃ ውስጥ ስሕተቷ ከሰከንድ አምስተኛ ብዙም አይበልጥም። የቀኑን ሰዓት በየጠዋቱ ከስልክ ጋር ማስተካከል በቂ ነው። መሙላቱም በየጠዋቱ ተመሳሳይ ሰዓት ላይ ይሁን። ስልክና ድምፅ ማጉያ አጠገብ ግን አታሳድሯት፤ ማግኔት ያቺን ቀጭን ሞላ ይነካና ሰዓቷን ያስሮጣታል።

አንድ ጉድለት አላት፤ ውኃ ትፈራለች። ይህ ግን ለነርስ ተግሣጽ ነው። እጅ በደንብ ለመታጠብ ሰዓት መውለቅ አለበት፤ ጀርም ከሰዓትና ከማሰሪያ ሥር መደበቅ ይወዳልና።

ወጪውን ለሚጠይቅ ሁሉም ተደምሮ ስማርት ሰዓት ከሚገዛበት ገንዘብ ሩቡን አልፈጀም። ጊዜው ግን ዘጠኝ እሁድ ነው። ለመጀመር የምትፈልጉ ወላጆችና አያቶች ካላችሁ፣ ቀፎ በቶርኖ ማሠራቱ ከከበዳችሁ የሞተ የባትሪ ሰዓት ቀፎ ፈልጉ። የውስጡ ስፋት ከማሽናችሁ ትንሽ ከበለጠ ክፍተቱን በቀጭን የፕላስቲክ ቀለበት መሙላት ይቻላል። ትናንሽ ልጆች ካሉ መለየትና መለካት ስጧቸው። ስለታሙን፣ ባትሪውንና ቤንዚኑን ለትልቅ ሰው ተዉት። ሥራውንም በአንድ ቀን ለመጨረስ አትቸኩሉ።

ሰዓቷ እንዳለቀች ልጅቷ በስልክ ቪዲዮ ለእናቷ አሳየቻት። ልጄ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየቻት። ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ልጄ የምትነሣውም የምትተኛውም በአሠሪዎቿ ሰዓት ነው።

«እማ፣ ለእኔስ?» አለች። «የግእዝ ቁጥር ያለው። የቤቱን ሰዓት ሙሉልኝ።»

የልጅ ልጄ ምናለሽ ተራ ከገዛናቸው መካከል አንዱን መርጣለች። ማሽኑ ላይ 2409 የሚል ተቀርጿል፤ ስለዚህ 24 ሚሊሜትር ነው። ጋሼ አይተውታል፣ ዘይቱ ደርቆ ነው ብለዋል። ቶርኖ ቤቱ ለማክሰኞ ቀጥሮናል።